ለምራት የተመረጠ ቲማቲም

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ጠዋት

እንደገና እያጠብኩ ነው። ውሃው አሁንም ይደፈርሳል። ቲማቲሙ ከግንዱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ እንደ ኖራ። በጥፍሬ ስፍቀው ጥፍሬ ይሸታል። በሳሙና ሞከርኩ፤ ያው ነው። የትኋን መድኃኒት የተነፋበት አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም።

ሳጥኑ ትናንት ማታ ከመቂ መጣ። በየሳምንቱ ይመጣል፣ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ በገመድ ታስሮ። ላኪዋ አዴ ጫልቱ ናት፣ የልጄ አማት። ለነፍሰ ጡሯ ምራቷ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ሽንኩርት። ሁሉም ከራሷ እርሻ። ቲማቲሙ ማማሩ። አንድ ጭረት የለበትም። በረንዳው ላይ ሲያድር ዝንቡ አጠገቡ ባለው የቆሻሻ ባልዲ ላይ ይሰፍራል፣ እሱን ግን ይዘለዋል። ዝንብ የተጸየፈውን ልጄ ትበላለች።

ሰናይት ተኝታለች። ሐኪሙ ተኚ ብሏታል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤ ሁለቱም ጊዜ መቂ አማቷ ቤት ሳለች ነው፣ ገና ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር። ይህ ሦስተኛው ነው። ባሏ ገመቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ አዳማ እኔ ቤት አመጣኋት። አማቷ ሾተላይ አለባት ትላለች። ጤና ጣቢያ ደሟን አይተው፣ ሾተላይ የሚባለው የደም ነገር የለባትም ብለዋል። አዴ ጫልቱ ግን ሾተላይን ከደም ምርመራ አልተማረችውም። ይሄኛው ካልጸና ገመቹ ሌላ ያግባ የሚል ወሬ አለ። ከማን እንደሰማሁት አልጽፍም።

አንቺ ደብተር፣ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከነጣ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት። ስናገር ሰው ሁሉ «እትዬ አስካለ ተይ እንጂ» ይለኛል። አንቺ አትይም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጤ/ጣቢያ። ወረፋ። ግድግዳው ላይ ነፍሰ ጡር የምትመገበው ሥዕል ተለጥፏል። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ቲማቲም። የተሳለውም አንድ ጭረት የለበትም።

አንዱን ቲማቲም በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበር። ሲስተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ወጣት ናት፣ «ማዘር» ነው የምትለኝ፣ ያስጠላኛል። ግን አልሳቀችብኝም። አሸተተችው፣ ፊቷን መለሰች፣ ከዚያ ሰናይትን መጠየቅ ጀመረች። መቂ የት ነበር የምትተኚው? መድኃኒቱና ሽንኩርቱ የሚቀመጥበት ክፍል። ምን ትሠሪ ነበር? ቲማቲም መለየት፣ በባዶ እጅ። የረጪውን ልብስስ ማን ያጥባል? እኔ። ባለቤትሽ ይረጭ ነበር? አዎ፣ መኪና መንዳት ሳይጀምር በፊት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።

ልጄ ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ ምንም አልነበረበትም። የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

ሲስተሯ ያለችኝ ይኼ ነው። ሁለቱን ምን እንዳስወረዳቸው ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ የመረመረ የለም። ነገር ግን ከነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዱ ማሕፀንን ይጎዳል፣ የወንዱንም ዘር ይጎዳል። ነፍሰ ጡር አጠገቡ መድረስ የለባትም። ማጠብ ከላይ ያለውን ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ዋናው ጥያቄ ከተረጨ በኋላ ምን ያህል ቆይቶ ተለቀመ የሚለው ነው።

ስንመለስ ገበያ ገባሁ። ቲማቲም ሻጯን መቼ ነው የተረጨው አልኳት። «እትዬ፣ እኔ የምሸጠው ቲማቲሙን ነው እንጂ የልደት ካርዱን አይደለም» አለች። አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁ። የእሷ ሳጥን ግን ከየት እንደመጣ አወቅሁት፣ አሠራሩ የአዴ ጫልቱ ዓይነት ነው። ከመቂ። ከአንዱ ሸሽቼ የምገዛው ያንኑ ነው።

ግቢዬ ሲሚንቶ ነው። ውሃ ሲመጣ ሰው ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል። ምን ላይ ልትከል።

መቂ እሄዳለሁ። ጾም ሳይገባ።

እሁድ፣ የካቲት 16

ትናንት መቂ ደርሼ መጣሁ። ሞጆ ወርጄ ሌላ ሚኒባስ፣ ከመቂ በጋሪ። አዴ ጫልቱ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። አካም ጅርቱ እትዬ አስካለ፣ ምራቴ እንዴት ናት፣ ሆዷ ገፋ ወይ፣ የላክሁላትን ትበላለች ወይ። መልካም ሴት ናት። ልጠላት ሄጄ መጥላት አቃተኝ፣ ይህም ያናድዳል።

እርሻውን አሳዩኝ አልኩ። ከድር የሚባል ረጪ አለ፣ ጎልማሳ ሰው። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ በባዶ እግሩ መስመር ለመስመር ይሄዳል። አፉ ላይ ምንም የለም። ሸሚዙ ርሷል፣ የረሰው በውሃ አይደለም። ሦስት ዓይነቱን በአንድ ባልዲ ቀላቅሎ በእንጨት ያማስላል። ለምን ትቀላቅላለህ ስለው፣ አንዱ ካልገደለ ሌላው ይገድላል አለኝ። ሲጨርስ ወተት ይጠጣል። ወተት ያጥባል አሉ።

ለቃሚዎቹ ሴቶች ይሳለቁበታል። ካገባ ቆይቷል፣ ልጅ የለውም።

«ከድር ዘሩን ለቲማቲሙ ሰጠው» አለች አንዷ።

«ታዲያ ቲማቲሙ ለምን እሱን አልመሰለም?»

«በእናቱ ወጥቶ ነዋ።»

እሱም አብሯቸው ይስቃል። አፌን ያዝኩ። ሰው በሜዳ ቆሞ ይህን ይቀልድበታል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ግን ሚስቱን መካን ይላታል።

ባዶ ጠርሙስ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል። ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም መቆየት ያለበትን ቀን በአማርኛ ጽፎታል። ከድርን፣ ትጠብቃላችሁ ወይ አልኩት። መኪናው ሲመጣ ይለቀማል አለ፤ ቀን የሚቆርጠው ደላላው ነው። ጥያቄዬ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ምሳ። ቲማቲም ፍትፍት ቀረበ። ሁሉም ጎረሱ፣ ከድርም ጭምር። ይኼ ከየት ነው አልኩ። ከኩሽናው ጀርባ። ወጥቼ አየሁት፣ አንድ መደብ ነው። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ፣ ትል የበሳው ቲማቲም። ለቤት የሚበላ ነው፣ አይረጭም። ለምን? መድኃኒት ለምን ይባክናል፣ ደግሞ የተረጨው ሆድ ይነፋል አለች አዴ ጫልቱ። እንደ ዋዛ። ያውቃሉ፣ አንቺ ደብተር። ሁሉም ያውቃሉ። የራሳቸውን ለብቻ ተክለው የሌላውን በሳጥን ይጭናሉ።

ታዲያ ለሰናይት የሚልኩት ከየትኛው ነው አልኳት። ደነገጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ከዚህ? ለነፍሰ ጡር ምራቴ ትል የበላው ልላክ? ሰው ምን ይለኛል እትዬ አስካለ። ለእሷማ ከሜዳው ነው። እኔ ራሴ አንድ በአንድ እመርጣለሁ።»

መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ደግሞ ከመላኩ በፊት ከድር አንድ ጊዜ ደርቦ ይረጭላታል። ደርቦ። ለክብሯ።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ሲስተሯ ያለችውን ነገርኳት፣ ጠርሙሱን አሳየኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት «እርስዎ» ማለቷ ቀረ። «ልጅሽን መርዝ እያበላኋት ነው? እኔ? ሁለት የልጅ ልጆቼን የገደልኩ እኔ ነኝ?» አለችኝ። አላልኩም። አለማለቴ አልጠቀመም። ከጓሮው መደብ ጥቂት ልልቀም አልኩ፤ በእጇ ከለከለችኝ። ትል የበላ ይዤ አዳማ ገብቼ ስሟን ላጠፋ ነው ብላ። ጋሪ የጠራልኝ ከድር ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ጾም ከገባ ወዲህ ሰናይት የምትበላው አትክልት ነው። ነፍሰ ጡር አትጾምም ብላት አትሰማም። ስለት አለባት። ከሳጥኑ ያለውን ደብቄ ሽሮና ምስር አቀርባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ገመቹ መጣ። መኪናውን ደጅ አቁሞ ሳይቀመጥ ተናገረ። እናቱ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ታለቅሳለች። «እማማ፣ እርስዎን እንደ እናቴ ነው የማይዎት። ግን የእናቴን እጅ ሲያረክሱብኝ አልችልም።» ረጋ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። በመርጨት ያደገ ወንድ ዘሩ ሊጎዳ ይችላል አልኩት። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ መሰለኝ። ወንድ ልጅ ማሕፀን ሲነሳ ይሰማል፣ የእሱ ሲነሳ ጆሮው ይደፈናል። «ታዲያ የጎደልኩት እኔ ነኛ» አለ። የእናቱ ምግብ የማይበላበት ቤት ሚስቱም እንደማትኖርበት ነገረኝ። መቂ እወስዳታለሁ አለ።

ሰናይት ከአልጋዋ ተነሳች። ሳጥኑን ከደበቅሁበት አወጣችው፣ የት እንደደበቅሁ ታውቅ ኖሯል። ቲማቲሙን ከተፈች፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨመረች፣ ሎሚ ጨመቀች። ባሏ ፊት ተቀምጣ በላች። ቀስ እያለች፣ እኔን እያየች፣ ሳህኑን ጨረሰች። «የእማዬ ቲማቲም ይጣፍጣል» አለች። እማዬ ያለችው አማቷን ነው። የገመቹ ትከሻ ረገበ። ግንባሯን ሳማት።

ወደ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ደም አየች። ትንሽ። ጠዋት ሽንት ቤት ሆና ጠራችኝ፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ነበር። በባጃጅ ሐኪም ቤት። ባጃጁ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር የእኔ ሆድ ነው የሚቀደደው።

ዶ/ሩ በመሣሪያ አየ። ልብ ይመታል። አሰማን። ምክንያቱን አላወቀም። ደሙ ቆሟል፣ ተኚ፣ አትነሺ፣ ከተመለሰ አምጧት አለ።

ቲማቲሙ ነው ማለት አልችልም። ቲማቲሙ አይደለም ማለትም አልችልም። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ይኼ ነው፤ ገዳይህን ፊቱን እንኳ አታየውም።

ማታ ሳጥኑን ገንዳ ወስጄ ደፋሁት። ገና ዞር ሳልል ጎረቤቴ ብርቄ ዘንቢል ይዛ ደረሰች። ምን የመሰለ ቲማቲም ይጣላል፣ ጠግበሻል አለችኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳት። ካጠብኩት ምን ይሆናል አለች። እየለቀመች መረቀችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ደሙ አልተመለሰም። ተመስገን።

አንድ ነገር አየሁ። ትናንት ሰናይት የዝዋይ ዓሣ አማረኝ አለች፣ እንዲሁ ከአፏ አመለጣት። ጾም ነው። ገመቹ ከጅቡቲ መንገድ ገና መግባቱ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። መኪናውን አስነስቶ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱ ድረስ ነዳ። ዓሣውን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። ነፍሰ ጡር አምሯት ከቀረባት ሽሉ ይወርዳላ። ይህን ማንም ሰው ለገመቹ አላረጋገጠለትም። ሲስተር አልነገረችውም፣ ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም። ያምናል። ጾሙም አፉን ዘጋ።

የነገርኩት እውነት ደም አመጣብኝ። ለአምሮት ግን ሰው ባቱ ይነዳል።

ተቀምጬ አሰብኩ። አሰብኩና ራሴን ተጸየፍኩ፣ ከዚያም አደረግሁት። ለሰናይት ነገርኳት፦ ለአማትሽ ደውዪ፣ ከኩሽናው ጀርባ ያለው አማረኝ በያት፣ ትል የበላው፣ እሱ ብቻ። ሌላ ሲቀርብልኝ ያጥወለውለኛል በይ።

«እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ሳህኑን ስትጨርሺስ ምን ነበር?»

ስልኩን አንስታ ደወለች፣ ድምፁን ክፍት አድርጋ። አዴ ጫልቱ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደነገጠች፣ ከዚያ ደስ አላት። ዋቃዮ፣ እኔም ገመቹን ሳረግዝ ያማረኝ የግድግዳ አፈር ነበር፣ ወንድ ነው ማለት ነው አለች። የሳምንቱ መኪና ሳይጠበቅ ይላካል። ስለ እኔ አልጠየቀችም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

መጣ። ሳጥን ሙሉ አስቀያሚ። አንዱ እንደ ጉልበቴ ያበጠ፣ አንዱ ለሁለት የተሰነጠቀ። ሽታው የቅጠል ነው። አንዱን ስከፍተው አረንጓዴ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ወፍራም፣ ሕያው። ትል ሳይ መላ አካላቴ ይቆጣል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ዛሬ ትል አይቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስለዚህ ዘመን ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል።

ጎመኑም ከዚያው ከጓሮው ነው፣ ወንፊት የመሰለ። አዴ ጫልቱ በሹፌሩ መልእክት ልካለች፦ እንዲህ ያለውን ልኬ እንዳትታዘቡኝ፣ አምሮት ባይሆን አላደርገውም።

ሰናይት የተበላሸውን ቆርጣ ጥላ ሌላውን በላች። ሁለት ጊዜ ጨመረች። ማታ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። እንደ ዓሣ ጭራ ያለ ነገር። ሌሎቹ እዚህ አልደረሱም ነበር አለችኝ።

አላለቀስኩም። ሳህኑን አጠብኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሳጥን መጣ። ገመዱን ፈታሁ። ከላይ ያለውን አነሳሁት። የተጣመመ ነው፣ አዎ፣ የጓሮው ዘር ነው። ግን ያብለጨልጫል። ከተቆረጠበት ሥር ነጭ ነገር። አሸተትኩት።

ሰናይት እንድትደውል አደረግሁ። አዴ ጫልቱ የጠበቀችው ስልክ ነበር፣ ደስታዋ ከድምጿ ያፈሳል። ከዚያው ከኩሽናው ጀርባ ነው፣ ሌላ አልቀላቀልኩም አለች። «ምራቴ የምትወደውን ትል ሲጨርሰው እጄን አጣጥፌ ልይ? ከድርን አስጠራሁት። ደህና አድርጎ ረጨልኝ። አየሽው ልጄ፣ አማረ አይደል?» ሰናይት አማረ አለች። ሌላ ምን ትበል።

ተቀመጥኩ። ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። በክፋት ቢሆን አውቅበት ነበር፤ ከክፉ ጋር ስጣላ ነው የኖርኩት። ይኼ ግን ፍቅር ነው። ሴትዮዋ ቤቷ ውስጥ የቀረላትን አንድ ንጹሕ መደብ በገዛ እጇ ለልጄ ብላ አስመረዘችው። ከዛሬ ጀምሮ እሷም፣ ለቃሚዎቹም፣ ከድርም ከዚያው ይጎርሳሉ። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ በአምሮት። ውሸት ትዕዛዝ ይፈጽማል እንጂ ምክንያቱን ለሰው አይነግርም። መርዝ መሆኑን ሳታምን እንዴት ሳታስረጭ ትቅር።

ሌላ ውሸት አለኝ። ብዙ አለኝ። ረጪው በክፉ ሕልም ታየኝ፣ ቅዱስ ተገልጦ አይረጭ አለኝ፣ ስለት ነው። ሁሉንም አየሁት፣ አስጠላኝ።

ማታ

ለሰናይት ነገርኳት። ነገ መቂ ሄጄ እዚያው እከርማለሁ፣ አራስ እስክትሆን። የሴት እናት በልጇ አማት ቤት ከርማ አታውቅም። የምትበላው አጥታ ነው ይላሉ፣ ልጇን ልትሰልል ነው ይላሉ፣ እማዬ አታዋርጂኝ አለች። ይበሉ። በዚህ ዕድሜዬ ክብሬን ለማን ላወርሰው ነው። ቀን ቀን ብርቄ ትመጣላታለች፣ ተስማምተናል። ብርቄ ከመቂ ሳጥን ምንም እንዳታበስልላት አስምያታለሁ። የተረጨው ጊዜው እስኪያልፍ ሰናይት ሽሮዋን ትብላ።

አዴ ጫልቱን የምላት ይኼ ነው። መደቡን ለእኔ ይስጡኝ፣ ከድር አይድረስበት፣ ትሉን በእጄ እለቅመዋለሁ። ለምን ካለች ያን ቅዳሜ የነገርኳትን እደግመዋለሁ፣ ሳልቸኩል፣ ጠርሙሱን ፊቷ ላይ ሳልደቅን፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ካልሰማች ነገም እደግመዋለሁ። ብታስወጣኝ መደቡ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ የልጅን አማት በዱላ አያባርሩም፣ ነውር ነው፣ እሷ ደግሞ ነውር የምትፈራ ሴት ናት።

ጋቢ፣ አንድ ቅያሪ ቀሚስ፣ መነጽሬ። ለትሉ ባዶ የወተት ጣሳ ክዳኑ የሚገጥም አገኘሁ። የሞጆ መኪና ማልዶ ይወጣል።